ለዘር የገዛሁት የዶርፐር ዲቃላ አውራ፦ በጉ፣ ሻጩና ሳይነገረኝ የቀረው ነገር

ደብረ ብርሃንና መንዝ አካባቢ በግ ለምታረቡ፣ ወይም ልትጀምሩ ለምታስቡ ነው ይህን የምጽፈው። ከአንድ የግል የበግ ማራቢያ የዶርፐር ዲቃላ አውራ ገዝቼ ነበር። ስለ በጉም፣ ስለ አገልግሎታቸውም ያየሁትን ልንገራችሁ። የማራቢያውን ስም አልጠራም። የገጠመኝ ነገር ከየትኛውም አርቢ ብትገዙ ሊገጥማችሁ ይችላል። ዋናው ጉዳይ አውራ ሲሸጥና ሲገዛ ሁላችንም አፋችንን የምንይዝበት ነገር ነው።

ነገሩ ይኸው ነው። አንዳንድ አውራ በግ ሴት አይፈልግም። የሚፈልገው አውራ ነው። አልታመመም፣ አልተደገመበትም፣ አልሰነፈም። አፈጣጠሩ እንዲያ ነው። እረኛ ያውቀዋል፣ ሐኪም ያውቀዋል፣ አርቢም ያውቀዋል። ለገዢ ግን አይነገረውም።

መጀመሪያ ስለ በጉ። እኔ ያሉኝ የመንዝ በጎች ናቸው፤ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ እናቶች። የመንዝ በግ ብርድ አይበግረውም። መኖ ሲጠፋም ይችላል። ከጸጉሩ ባና ይሠራል። ችግሩ ሰውነቱ ትንሽ መሆኑ ነው፤ ነጋዴ ወገቡን ዳሰስ አድርጎ ዋጋ ይጥልበታል። ለዚህ ነው እኛ አካባቢ ዲቃላ አውራ ማስገባት የተለመደው። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል አዋሲና ዶርፐር የሚባሉትን የውጭ ዝርያዎች ከአካባቢው በግ ጋር ሲያዳቅል ቆይቷል። ዶርፐር ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ1930ዎቹ የወጣ ዝርያ ነው። ዶርሴት ሆርን የሚባለው በግና ጥቁር ራስ ያለው የፐርሺያ በግ ተዳቅለው የተገኘ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።) ቶሎ ያድጋል፣ ሥጋ ይይዛል። ግልገሎቹ ገበያ የሚደርሱት ከአገሬው ቀድመው ነው። ስለዚህ አንድ ጥሩ አውራ ለእንደኔ ዓይነት አርቢ የዓመቱ ትልቁ ወጪ ነው። እኔም በሰሞኑ ገበያ አንድ ደህና ሙክት ከሚያወጣው እጥፍ ያህል ነው የከፈልኩት።

ማራቢያው ንጹሕ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጋጣው በጣውላ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ተሠርቷል፤ ሽንትና በጠጥ ወደ ታች ይወርዳል፣ የበጎቹ ሰኮና ደረቅ ነው። ድርቆሹ አልሻገተም። ለእያንዳንዱ በግ ካርድ አለው። የተወለደበት ቀን፣ የእናቱ ቁጥር፣ ሲወለድና ጡት ሲጥል የመዘነው ኪሎ ተጽፎበታል። ደስታ መሰል በሽታ፣ የበግ ፈንጣጣና ፓስቸረሎሲስ መከተቡም እዚያው ላይ አለ። እኔ ብዙ ቦታ በግ ገዝቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ካርድ ያየሁት ጥቂት ቦታ ነው።

በጉም ሲያዩት ዓይን ይሞላል። አካሉ ነጭ፣ ራሱ ጥቁር፣ ጀርባው ሰፊ። ጥርሱን አየሁ፤ ወተት ጥርሱን ከፊት ነቅሏል። እግሩን አንድ በአንድ አነሳሁ። ቆለጡን ዳሰስኩ፤ ሁለቱም እኩል፣ ጠንከር ያሉ፣ እብጠት የሌላቸው። አንድ ገዢ ማየት ያለበትን ሁሉ አየሁ። ሻጩም «እህቴ፣ ይኸን አውራ በዓይንሽ ብቻ አትዪው፣ ሥራውን ታይዋለሽ» አለኝ። በአይሱዙ ቤቴ ድረስ አመጡልኝ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ምን እንደምመግበውም ሹፌሩ በቃል ነገረኝ፦ ድርቆሽ በብዛት፣ ፉርሽካ በልኩ፣ ፋጉሎ ቀስ እየተባለ።

እስከዚህ ድረስ ለአገልግሎታቸው ሙሉ ነጥብ እሰጣለሁ።

አውራው አርፎ፣ አካባቢውን ለምዶ፣ ከእናቶቹ ጋር ተቀላቀለ። ደረቱ ላይ ቀይ አፈር በዘይት ለውሰን ቀባነው። ይህን ዘዴ የማታውቁ ካላችሁ ሞክሩት። አውራው የወጣባት በግ ዳሌዋ ላይ ቀለሙ ይቀራል፤ ማን እንደተጠቃች ጠዋት ጠዋት ማየት ነው። ሴት በግ በአማካይ በየ17 ቀኑ አውራ ትፈልጋለች። ፍላጎቷ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ተኩል ያህል ነው። እርግዝናዋ አምስት ወር ነው። ስለዚህ አንድ ዙር ካመለጣት ገበሬው ላይ የሚያደርሰው ኪሳራ ወዲያው ይቆጠራል።

የእናቶቹ ዳሌ ንጹሕ ሆኖ ከረመ። አንዲትም ቀይ የነካት የለችም።

ቀዩ አፈር የተገኘው ሌላ ቦታ ነው። ቤቱ ውስጥ የቆየ ጥቁር የመንዝ አውራ አለን። አርጅቷል፤ ልንቀይረው ያሰብነው እሱን ነበር። አንድ ጠዋት የጥቁሩ አውራ ወገብ ቀልቶ አገኘሁት። እረኛችን ቀድሞ አይቶት ኖሯል። ልጅ ነው፣ አስራ አራት ዓመት ቢሞላው ነው። «እትዬ፣ አዲሱ እኮ ሴቶቹን አያያቸውም። የሚከተለው ጥቁሩን ነው» አለኝ። «ለምን አልነገርከኝም?» ብለው መሬት መሬት አየ። «ይቆጡኛል ብዬ ነው» አለ።

ያን ቀን ስራዬን ትቼ በረቱ አጥር ላይ ተደግፌ አየሁ። ያየሁትን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ብዙ ሰው «ሲጫወቱ ነው» ወይም «ሲደባደቡ ነው» ብሎ ስለሚያልፈው።

አዲሱ አውራ ጥቁሩን ከኋላ ቀረበው። አንገቱን ዝቅ፣ አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ። ምላሱን ብቅ ጥልቅ እያደረገ ከጉሮሮው ዝቅ ያለ ድምፅ ያወጣል። በግ ያረባ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ አውራ ሴት ሲለምን የሚያሰማው ነው። ቀጥሎ በፊተኛው እግሩ የጥቁሩን ጎን መታ መታ አደረገ። ጥቁሩ ሲሸና ሽንቱን አሸተተ፣ ራሱን ቀና አድርጎ የላይ ከንፈሩን ሰበሰበ፣ እንደዚያው ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወጣበት። ጥቁሩ አንዳንዴ ዝም ብሎ ይቆማል። አንዳንዴ ደግሞ ዞሮ በቀንዱ ይገፋዋል። ሲገፋው ይመለስና እንደገና ከአንገት ዝቅ ማለቱ ይጀምራል። አውራ ለሴት የሚያደርገው አንድም ሳይቀር፣ በቅደም ተከተሉ። ድብድብ እንዲህ አይደለም። ድብድብ ሲሆን ወደ ኋላ ሸሽተው ተንደርድረው ነው ግንባር ለግንባር የሚላተሙት።

በዚህ መሃል አንዲት እናት በግ መጣች። አውራ ፈልጋለች፤ ጥቁሩ ሲያሸታት፣ እሷም ላቷን ስታወዛውዝ አይተናል። በሁለቱ መሃል ገባች። ጎኗን አዲሱ ላይ አሻሸች፣ ዞራ አሸተተችው፣ ፊቱ ቆመች። እሱ ግን በጎን አልፏት ወደ ጥቁሩ ሄደ። አላባረራትም፣ አልወጋትም። የሳር ያህል እንኳ አላያትም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አባት በአጥሩ ማዶ ቆመው ኖሮ፣ «ልጄ፣ ይህ በሽታ ይዞታል፤ ሳይከሳ አሳርጂው» አሉኝ። ሌሎች ደግሞ ገበያ ላይ ዓይን በልቶት ነው አሉ። የሰው ቤት በግ ሲሆን ሁሉም መድኃኒት አዋቂ ነው። እኔ የእንስሳት ሐኪም ጠራሁ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቸኩሎ የማይናገር። ሙቀቱን ለካ። ሰኮናውን ከፍቶ አየ፤ እግሩን የሚያመው አውራ ሴት ላይ ለመውጣት እንደሚፈራ ነገረኝ። የቆለጡን ዙሪያ በሜትር ለካ። ዓይኑን፣ ድዱን፣ ትንፋሹን አየ። ሲጨርስ እጁን እየታጠበ «እትዬ፣ ይህ በግ ጤነኛ ነው። ምናልባት ካየኋቸው ሁሉ ጤነኛው ነው» አለኝ። ቀጥሎ ያለው ነገር ነው ዛሬ እንድጽፍ ያደረገኝ። «ትምህርት ቤት ተምረነዋል። መስክ ላይም አይቻለሁ። ግን ለገበሬ እንዴት ብዬ እንደምናገረው ይጨንቀኛል፤ የሚቀየሙኝ አሉ» አለ።

ከዚያ በኋላ ራሴ እያፈላለግኩ አነበብኩ። ነገሩ በደንብ የተጠና ነው። አሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት፣ ዱቦይስ በሚባል ቦታ የአገሪቱ ግብርና ሚኒስቴር የበግ ምርምር ጣቢያ አለ። እዚያ አውራዎችን የሚፈትኑት እንዲህ ነው። አውራ የፈለጉ ሁለት ሴቶችና ሁለት አውራዎች እንዳይንቀሳቀሱ አድርገው ያስራሉ። ተፈታኙን አውራ ይለቁታል። ወደ ማን እንደሚሄድ፣ ማን ላይ እንደሚወጣ ይመዘግባሉ። በተደጋጋሚ። ከአውራዎቹ ወደ 8 በመቶ የሚሆኑት ሴቶቹን ትተው ሁልጊዜ አውራ መረጡ። አጠገባቸው ሴት እያለች። በሌላ በኩል ማንንም የማይፈልጉ አሉ፤ ሁለቱንም የሚፈልጉም አሉ።

ቻርልስ ሮሴሊ የሚባል የኦሪገን ጤናና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። በ2004 ባወጡት ጥናት የ27 በጎችን አንጎል አዩ። ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ አንዲት ትንሽ የነርቭ ሴሎች ክምችት አለች። ሴት በሚፈልጉት አውራዎች ላይ ይህች ክምችት አውራ ከሚፈልጉት እጥፍ ገደማ ትበልጣለች። አውራ የሚፈልጉት ደግሞ መጠኑ ከሴት በጎች ጋር ይቀራረባል። ኋላ የተሠራው ሥራ እንዳሳየው ይህ የወንድና የሴት ልዩነት በጉ ገና በእናቱ ሆድ እያለ የሚጀምር ነው። እንግዲህ አስቡት። እኔ ፉርሽካ ብጨምርለት፣ ጥቁሩን አውራ ብሸጥበት፣ ጸበል ብረጨው የሚለወጥ ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን መለየት አለበት። ጡት ከጣለ ጀምሮ ከአውራዎች ጋር ብቻ ያደገ ጎረምሳ በግ መጀመሪያ ሴት ሲያይ ግራ ሊጋባ ይችላል። ሰንበትበት ሲል፣ ከሴቶች ጋር ሲውል፣ ይለምዳል። ሻጮች «ታገሺ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ ውሸትም አይደለም። የእኔው አውራ ግን ግራ የገባው አይመስልም። የሚፈልገውን ያውቃል። ሁሉን እያወቀበት ነው የሚለምነው፤ የሚለምነው ግን አውራውን ነው፣ ሴቷን አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «እንስሳ እንኳ እንዲህ አያደርግም» የሚል አነጋገር በየቦታው እሰማለሁ። እንዲህ የሚል ሰው በረት አጠገብ ግማሽ ቀን ቆሞ አያውቅም። የወተት ላም ያላችሁ እስኪ ልጠይቃችሁ። ላማችሁ ኮርማ መፈለጓን በምን ታውቃላችሁ? ሌላዋ ላም ስትወጣባት ዝም ብላ በመቆሟ አይደለም ወይ? አዳቃይ ቴክኒሻኑ ስልክ ስንደውልለት መጀመሪያ የሚጠይቀን ይህንኑ ነው፤ «ሌሎቹ ሲወጡባት ቆማለች?» ጠዋት ከቆመች ከሰዓት ይመጣል፤ ማታ ከቆመች በማግስቱ ጠዋት። ሴት ላም በሴት ላም ላይ መውጣቷ የአገሪቱ የወተት ሥራ የሚመራበት ምልክት ነው። ማንም አላፈረበትም። ሴት በጎች ግን እርስ በርስ እምብዛም አይወጣጡም። ፍላጎታቸውን የሚያወጣው አውራው ነው። አውራው ካልፈለጋቸው እኛ ምንም ሳናይ ወሩ ያልፋል። የላም ሲሆን እናወራዋለን፣ የአውራ በግ ሲሆን እንደብቀዋለን። ሁለቱም የአንድ በረት ነገር ናቸው።

ምሁራንም ቢሆኑ ከዚህ ሃፍረት አላመለጡም። ካናዳ ውስጥ የተራራ በጎችን ለዓመታት የተከታተለ ቫሌሪየስ ጋይስት የሚባል የእንስሳት አጥኚ ነበር። አውራዎቹ አብዛኛውን ዓመት በራሳቸው መንጋ እየኖሩ እርስ በርስ ሲወጣጡ ያያል። ያየውን በትክክለኛ ስሙ ለመጥራት ለረጅም ጊዜ እንደከበደው ኋላ ራሱ ጽፎታል። ከእሱ በፊት ጆርጅ ሙሬይ ሌቪክ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ነበረ። በ1911 እና 1912 አንታርክቲካ ላይ አዴሊ የሚባሉትን ፔንግዊኖች ሲከታተል ወንዱ ከወንዱ ሲገናኝ አየ። ማስታወሻውን ማንም እንዳያነበው የተወሰነውን በግሪክ ፊደል ጻፈው። ወደ አገሩ ተመልሶ ያዘጋጀው ጽሑፍ በ1915 በ100 ቅጂ ብቻ ታተመ፤ ለኅትመት የማይሆን ተብሎም ተጻፈበት። ሰው ሁሉ ሊያነበው የቻለው በ2012 ነው። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው። ሃዋይ ውስጥ ኦዋሁ በምትባል ደሴት ላይ ደግሞ ላይሳን አልባትሮስ የሚባሉ ትላልቅ የባሕር ወፎች አሉ። በ2008 የወጣ ጥናት እንደሚለው እዚያ ካሉት ጥንዶች 31 በመቶው ሁለቱም ሴቶች ናቸው። ወንዶቹ ቁጥራቸው ያንሳል። ሴቶቹ ተጣምረው ዕንቁላል ይታቀፋሉ፣ ጫጩት ያሳድጋሉ። መልካቸው አንድ ስለሆነ ከሩቅ ያየ ሰው ወንድና ሴት ናቸው ብሎ ነው የሚያልፈው።

አሁን ወደ ሻጩ ልመለስ። ነጥብ የቀነስኩት እዚህ ነው።

መጀመሪያ ስደውል «ገና አልለመደም፣ ታገሺ» አሉኝ። ታገስኩ። ሁለተኛ ስደውል «አጃ ጨምሪለት» አሉ። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ስልክላቸው ነገሩ ተለወጠ፤ ስልክ የሚያነሳው ሰው ተቀየረ፣ ድምፁ ቀዘቀዘ። «እንዲህ ዓይነት በግ እኛ ጋ ኖሮ አያውቅም» አለኝ። ይህን ማመን ይከብዳል። አውራ ብቻ ለብቻው በአንድ ጋጣ አሳድገው ነው የሚሸጡት። እዚያ የሚሠሩት ልጆች በየቀኑ ያዩዋቸዋል። የእኔ እረኛ በጥቂት ቀን ያየውን እነሱ አላዩም ማለት አይሆንም። ጥፋተኛ የማደርጋቸው በጉ እንዲህ ሆኖ በመፈጠሩ አይደለም፤ ያ የማንም ጥፋት አይደለም። ሳይፈትኑ ለዘር ብለው መሸጣቸው ነው። ካርዱ ላይ ኪሎው በግራም ተጽፏል። አንዴ እንኳ ከሴት ጋር ተለቆ ታይቶ እንደሆነ የሚጽፍ መስመር የለም።

በመጨረሻ ባለቤቱ ራሱ መጣ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ትልቅ ሰው ነው፤ ጋቢውን ደርቦ በረቱ ዳር ቆሞ አየ። ብዙ አላወራም። «እህቴ፣ ልክ ነሽ» አለ። ከዚያ አውራውን ወስዶ ሌላ ሊሰጠኝ ተስማማ።

እኔ ግን ሁለት ነገር ጠየቅኩ። አንደኛው፣ የሚቀየረውን አውራ እዚያው ማራቢያው ውስጥ እኔ ቆሜ እንዲፈትኑልኝ። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያውን አውራ እኔው ጋ እንዲተዉልኝና ለእሱ የሙክት ዋጋ እንድከፍል። የሁለተኛው ምክንያት ግልጽ ነው። ቢወስዱት ለሌላ ገበሬ፣ ሩቅ ወረዳ፣ ያው ካርድ ይዞ ይሸጥ ነበር። ባለቤቱ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግን አልተከራከረኝም።

የፈተናው ቀን ደስ የሚል ነበር። አውራ የፈለገች አንዲት በግ በአጥሩ ጥግ አሰሩ፤ በሌላው ጥግ አንድ ጎረምሳ አውራ አሰሩ። ተፈታኙን ለቀቁት። ይህኛው ከመጀመሪያው ትንሽ ያንሳል፣ ጀርባውም ያን ያህል ሰፊ አይደለም። ወደ ሴቷ በቀጥታ ሄደ፣ አሸተታት፣ ከንፈሩን ሰበሰበ፣ በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ወጣባት። እንደገና ለዩት፣ እንደገና ለቀቁት። ያው። ሠራተኞቹ እንዲህ ያለ ፈተና ሲያደርጉ የመጀመሪያቸው መሆኑ ያስታውቅ ነበር፤ ግን በጉጉት ነበር የሚያዩት። አንደኛው ወጣት «ቀላል ነው እኮ» አለ። አዎ፣ ቀላል ነው። ገመድ፣ አጥርና አንድ ጠዋት ነው የሚፈልገው።

አዲሱ አውራ ቤት ከገባ በኋላ የእናቶቹ ዳሌ ተራ በተራ ቀላ። ቀይ ሲሆን ደስ ብሎን በሁለተኛው ዙር በአመድና ዘይት ቀለሙን ቀየርነው፤ ያልያዘችው ማን እንደሆነች እንድትለይ። አብዛኞቹ ዳግመኛ አውራ አልፈለጉም።

የመጀመሪያው አውራስ? ከእኛ ጋር አለ። ሐኪሙ ያነሳው ሐሳብ ነው። ለዘር የሚውል አውራ ስሪያ በሌለበት ጊዜ ከእናቶቹ ይለያል። ብቻውን ሲቀር ይጨነቃል፣ ይጮሃል፣ አጥር ይሰብራል፣ መኖ ይቀንሳል። በግ የመንጋ እንስሳ ነው። ስለዚህ ሁለቱን አንድ ጋጣ አደረግናቸው። መጀመሪያ ጠባብ ቦታ ላይ ነው ያገናኘናቸው፤ ለመንደርደር ቦታ ካጡ መላተሙ ይበርዳል። አሁን ጎን ለጎን ያመሰኳሉ። አንዳንዴ ይወጣበታል፤ አዲሱ ሲሰለቸው ይገፋዋል፣ ያበቃል። እናቶቹ ጋ ሲመለስ ሥራውን ይሠራል። ምንም የጎደለ የለም። «አሳርጂው» ያሉኝ አባት ሰሞኑን መጥተው ሁለቱን ሲያዩ «አማረባቸው» ብለው ነው የሄዱት።

ስለዚህ ለማራቢያው የምሰጠው ከ5 ሦስት ነው። ለንጽሕናው፣ ለክትባቱ፣ ለካርዱና ለባለቤቱ ጨዋነት ሦስት። የቀረውን ሁለት፣ ፈተናውን የአሠራራቸው አካል አድርገው ካርዱ ላይ ሲጽፉት እጨምራለሁ። ቃል ገብተውልኛል።

ለዘር አውራ ልትገዙ የምትሄዱ ሰዎች፣ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። «አውራ የፈለገች በግ ያላችሁ ቀን መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ቀን ሂዱ። ሌላ አውራም አጠገብ ይታሰር በሉ፤ ሴት ብቻ ካቀረቡ ሁለቱንም የሚፈልገውን መለየት አትችሉም። አንዴ አይበቃም፣ ደጋግመው ይልቀቁት። ጎረምሳ ከሆነና ግራ ከተጋባ ከሴቶች ጋር አውለውት ሌላ ቀን እንዲያሳዩአችሁ ጠይቁ። የሽያጭ ወረቀቱ ላይ «ለስሪያ ተፈትኗል» የሚል መስመር ይጻፍ፣ ቀኑም ይጻፍ። የሚሸጥላችሁ ሰው ፊቱን ካዞረ ወይም «ይህ ነውር ነው» ካለ ገንዘባችሁን አትቁጠሩ። እረኛችሁንም ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ ከሁላችንም በፊት ያየዋል። ሲነግራችሁም አትቆጡት።